በክረምትና በመፀው ወሰን

ክረምት ሲወጣ የሰው ዐይን ሁሉ የሚሄደው ወደ ዐደይ አበባ ነው። ዘፈኑም ሥዕሉም ለእርሷ ነው። ነገር ግን በደጋው አገር የወቅቱን መለወጥ ውሃ የቋጠረው መስክና በዚያ የሚውሉት ወፎችም እንደሚናገሩ ያስተዋለ ጥቂት ነው። በባሕረ ሐሳብ ቁጥር ክረምት መስከረም 25 ቀን ተፈጽሞ በማግሥቱ መፀው ይገባል። እኛም በእነዚህ በሁለቱ ወቅቶች ወሰን ላይ፣ በሰሜን ወሎ በመቄት ወረዳ፣ በፍላቂት አካባቢ ፎቶግራፍ ማንሻችንን ይዘን ጥቂት ማለዳዎችን በመስክ ዳር አሳለፍን።

ፍላቂት ከወልድያ በጋሸና በኩል ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የደጋ ከተማ ናት። በእንዲህ ያለው አገር ዝናቡ ሲያቆም ውሃው ወዲያው አይሸሽም፤ ረግረጉና ቄጤማው እንደ ሰፍነግ ይዘው ቀስ በቀስ ለምንጩ ይለቁታል። ጉሙ ሳይገለጥ አስቀድሞ የሚሰማው የጋጋኖ ጩኸት ነው። ይህ ቆልማማ አፍ ያለው፣ ከጉሮሮው ሥር ቆዳ የተንጠለጠለበት ወፍ ሌሊቱን በገደል አድሮ ማለዳ በመንጋ ወደ መስኩ ይወርዳል፤ አፉንም በጭቃው ውስጥ እየሰደደ ትል ይለቅማል። በከብቶቹ እግር ሥር ደግሞ ሆዷ ቢጫ የሆነ ትንሽ ወፍ ጅራቷን እያወዛወዘች ትሮጣለች። እርሷ ብርድን ሸሽታ፣ ባሕርና በረሓ አቋርጣ ከሰሜን የመጣች እንግዳ ናት።

ባለቤቱ ግን ባለ ሰማያዊ ክንፉ ዝይ ነው። ይህ ዝይ በዱር የሚኖረው በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ ነው፤ ጀርመናዊው ተጓዥ ኤድዋርድ ሩፔል እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1845 ለሳይንስ ዓለም አስታወቀው። መልኩ አመድማ ነው፤ ቆሞም ሲሄድም አንገቱን ወደ ጀርባው አጥፎ ስለሆነ አንገት የሌለው ይመስላል። ስሙን ያገኘበትን ሰማያዊ ቀለም ክንፉን ካልዘረጋ በቀር አጥርቶ ማየት አይቻልም።

ይህንኑ ስንጠብቅ አንድ እረኛ ልጅ አጠገባችን ቆመና፣ «ጋሼ፣ በድንጋይ ላስነሣልዎ?» አለን።

«ተው ልጄ፣ ቤቱ ነው፤ ሲፈቅድ ይነሣል» ብለን አስቀመጥነው።

ብዙ ቈየን። በመጨረሻ አንዲት ላም ስትጠጋው ዝዩ ክንፉን ዘርግቶ ውሃውን ተሻገረ፤ ፎቶግራፉም ተነሣ። ልጁ ሥዕሉን በመሣሪያው ጀርባ ሲያየው ዝም አለ፤ ቀጥሎም፣ «ዕለት ዕለት የማየው ይህንን ነው?» ሲል ጠየቀን። ከዚያ በኋላ በእጁ የነበረውን ድንጋይ የት እንዳደረሰው አላየንም።

በአገራችን ብዙ ሰው የውሃ ወፍ አይበላም። ኦሪት ዘሌዋውያን ጋጋኖን ከማይበሉት መካከል ይቈጥረዋል፤ ዝዩንም ከአዳኝ የጠበቀው ይኸው ልማድ ነው። ዛሬ ግን በይበልጥ የሚያሰጋው ውሃውን የሚያሸሽ ቦይ፣ ረግረጉን የሚገለብጥ ማረሻና ከልክ ያለፈ ግጦሽ ነው። በገበሬው አንፈርድም፤ መሬት የጠበበው፣ ልጆቹን የሚያበላው ያጣ ሰው ረግረጉን ባዶ መሬት አድርጎ ቢያየው አያስደንቅም። ሆኖም መስኩ ሲደርቅ የሚሄደው ወፉ ብቻ አይደለም፤ የበጋው ምንጭ ይመነምናል፣ የከብቱ ሣር ይጠፋል፣ ለዓመት በዓል የምንጐዘጕዘው ቄጤማም ከሩቅ የሚገዛ ይሆናል።

ስለዚህ መሬት የሚያከፋፍል ሹም ረግረጉን ከባዶ መሬት ባይቈጥረው፣ መምህሩም በመስከረም ወር አንድ ማለዳ ተማሪዎቹን ወደ መስክ ቢያወጣቸው መልካም ነው። ፎቶግራፍ ማንሻ ባይኖር ግድ የለም። ዝም ብሎ መቀመጥን የተማረ ዐይን ይበቃል።