ጨው ካለዎት ያምጡ

የሰሜኑ ጦርነት እኛ የምንኖርባት ሐይቅ ከተማ የገባው በ2014 ጥቅምት ላይ ነው። ባንክ ተዘጋ፣ መብራትም ኔትወርክም ጠፋ። መምህር ነኝ፤ ደመወዜ ባንክ ውስጥ ቀረ። ኪሴ የተገኘው ጥቂት ባለ 200 ብር ኖት ብቻ ነበር።

መጀመሪያ ዋጋው ወጣ፤ ጠዋት የሰማነው የአንድ ጣሳ ዱቄት ዋጋ ከሰዓት አይሠራም። ቀጥሎ መልስ ጠፋ፤ ባለ 200 የያዘ ወይ ሁሉንም ይገዛበታል ወይ ይዞት ይመለሳል። በኋላማ ሻጩ ዋጋ መጥራቱንም ተወ። ከሐይቁ ቆሮሶ የሚያወጣ ጎረቤቴ ብሬን ገለባብጦ አየና፣ «መምህር፣ ይሄን ምን ላድርገው? ጨው ካለዎት ያምጡ» አለኝ። ጨው ነበረን። በአንድ ኩባያ ጨው ዓሣ በላን።

እናቴ ከአምባሰል ሸሽታ እኛ ዘንድ ነበረች። አንድ ማታ ከመቀነቷ ጥቅል ፈታች፤ በማይክሮስኮፕ የሚያየው ሰውዬ ያለባቸው አሮጌ ባለ 100 ብሮች። መስከረም 4 ቀን 2013 የብር ቅያሬው ሲታወጅ ለባለ 10፣ ለባለ 50 እና ለባለ 100 ሦስት ወር ተሰጥቶ ነበር፤ ታኅሣሥ ላይ አበቃ። እሷ ግን ለማንም ትንፍሽ አላለችም። ለክፉ ቀን ብላ ያኖረችው ብር ከክፉው ቀን ቀድሞ ሞተ።

«እነዚህ አይሠሩም?»

«አይሠሩም፣ እማ።»

«ያንተዎቹስ?»

ዝም አልኩ። ሳቀች። «በል እንግዲያ፣ እኩል ሆኑ!»

አንገቷ ላይ ከአያቷ የወረደ ማርትሬዛ ነበር። መንግሥት ከገበያ ያስወጣው ከብዙ ዘመን በፊት ቢሆንም ከብር ማዕድን የተሠራ ነውና ያወጣል ብለን ተመካን። እህል ያለው ሰው ግን ዞር ብሎም አላየው። ወርቅና ብር በክፉ ቀን ያድናል የሚሉ ሰዎች፣ እንጃ፣ የእነሱ ክፉ ቀን ዱቄት የነበረበት ይሆናል።

ደሴና ኮምቦልቻ ኅዳር መጨረሻ ላይ ሲለቀቁ የእኛም ተራ ደረሰ። ባንክ ሲከፈት ደብተሬ ላይ ያለው ቁጥር ሳንቲም አልጎደለውም። ገበያው ግን ትቶት ሄዷል፤ የአገሪቱ የዋጋ ንረት ያኔ ከመቶ 30 አልፎ ነበር። ሐምሌ 2016 ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ደግሞ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ተሻገረ።

እናቴ ከደመወዜ የምሰጣትን ዛሬ መቀነቷ ውስጥ አታሳድርም። የገበያ ቀን ሲደርስ ባቄላ ትገዛበታለች፤ ተርፎ ነቀዝ ቢበላው እንኳ ግድ የላትም።