የሚያብረቀርቅ ብረት

የዛሬው ጽሑፌ ብረት ስለ መወልወል ነው። ነገሩ ቀላል ይመስላል። ግን በእኛ አገር «ብረት» ማለት ጠመንጃም ነው፤ ስለ ጠመንጃ ሲወራ ደግሞ ስለ ቤት፣ ስለ መሬትና ስለ መንግሥት ሳይወራ አይቀርም።

አሜሪካ የሚኖር አንድ ዘመዴ ከማይዝግ ብረት የተሠራ ሪቮልቨር ሽጉጥ አለው። ይህን ዓይነቱን ሽጉጥ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን እ.ኤ.አ. በ1965 ነው ለገበያ ያወጣው። ዘመዴ በእረፍት ቀኑ ጥይቱን አውጥቶ ይቀመጣል፤ በሻካራ ብርጭቆ ወረቀት ይጀምርና ወደ ላመው ይሄዳል፤ በመጨረሻ በማስወልወያ ቅባትና በጨርቅ ሲያሸው ፊት የሚያሳይ መስታወት ይሆናል። ብረቱም ይህን ይችላል። በውስጡ ያለው ክሮሚየም ከአየር ጋር ሲገናኝ በዓይን የማይታይ ስስ ልባስ ይሠራል፤ ቢፈገፈግ እንኳ ልባሱ ራሱን ይተካል።

የመርጡለ ማርያሙ አያቴ ምንሽር ግን ሌላ ነው። ያ ጠቆር ያለ መልኩ ለውበት የተቀባ አይደለም፤ የዝገት መከላከያው ነው። በአመድ ወይም በአሸዋ ቢፈትጉት ለጊዜው ያበራል፤ ክረምት ሲገባ ግን ይዝጋል። መፈተጉ ሲደጋገም ብረቱ ላይ የተቀረጸው ቁጥርም ይደበዝዛል። በዚህ ዘመን ቁጥሩ የማይነበብ ጠመንጃ ባለቤቱን ምን ዓይነት ጥርጣሬ ላይ እንደሚጥለው ለእናንተ አልነግርም።

አያቴ ጠመንጃቸውን ሲያጸዱ መጀመሪያ ልጆችን ከቤት ያስወጣሉ። ቀጥለው ጥይቱን አውጥተው ይቆጥራሉ፤ አንዴ ከቆጠሩ በኋላም ጎሬውን በጣታቸው ደግመው ይዳስሳሉ። ከዚያ ነው በዘንግ ጨርቅ አስገብተው አፈሙዙን የሚያጸዱት። የጠመንጃ ዘይት ከጠፋ የልብስ ስፌት መኪና ዘይት በስሱ ይቀቡታል። ለምን እንደማያብረቀርቁት ሲጠየቁ መልሳቸው አጭር ነበር፦ «የሚያበራ ብረት ከማዶ ይታያል፤ ጌታውን ያሳብቅበታል።»

ይህ አባባል በዘመናቸው ያዩት ነው። የእኛ አካባቢ በጣሊያን ጊዜ የነበላይ ዘለቀ የዱር ቤት ነበር። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣም፣ ሞጣና ቢቸና ላይ ገበሬው «መሬቴ ሊለካ፣ ርስቴ ሊሄድ ነው» ብሎ ጠመንጃውን ይዞ ተነሣ። ጦርና አውሮፕላን ተላከበት። በመጨረሻ ግን አገረ ገዥው ተነሡ፣ ግብሩም ሳይሰበሰብ ቀረ። የጎጃም ገበሬ ከዚያ ዘመን ይዞት የቀረው ትምህርት አንድ ነው፦ ብረት ያለው ሰው ይደመጣል። ትምህርቱ ደግ ነው ወይም ክፉ ነው ማለቴ አይደለም፤ ግን በአንድ ማስታወቂያ የሚፋቅ አይደለም።

የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 በ2012 ዓ.ም. ወጥቷል። ፈቃድና ምዝገባ መኖሩን የሚጠላ ጤነኛ ሰው የለም። ነገር ግን ገበሬው ጠመንጃውን የሚያስቀምጠው ቁጥሩ መዝገብ ላይ ስለሰፈረ ብቻ አይደለም። ከብቱ ሌሊት በረቱ ውስጥ ሲያድር፣ የድንበር ክርክሩ በፍርድ ቤት ሲቆረጥ፣ ልጁ ከመንገድ ሳይቀር ሲገባ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ የምናየው እሳት ደግሞ ይህን እምነት ይበልጥ አርቆታል።

ለእኛ ወገንም የምለው አለኝ። ዛሬ ጠመንጃ ከትከሻ ይልቅ ስልክ ላይ ይበዛል። ወጣቱ ቃታ ላይ ጣቱን አሳርፎ ፎቶ ይነሣል፤ በሠርግ ላይ ወደ ሰማይ ይተኩሳል፤ ወደ ላይ የወጣችው ጥይት የሆነ ቦታ እንደምትወርድ አያስብም። ይህን «የአባቶቻችን ባህል» ይለዋል። እኔ የማውቃቸው አባቶች ጥይት ይቆጥሩ ነበር፤ ብረታቸውን ጋቢ ስር ይይዙ ነበር። ፉከራና ቀረርቶም ቢሆን ቦታና ሰዓት ነበረው፤ ያልዋለበትን የሚፎክር ሰው መሣቂያ ነበር።

የዘመዴ ሽጉጥ ማብራቱን አልነቅፍም፤ እዚያ መሣሪያው የእረፍት ቀን ሥራ ነው፣ ብረቱም ይችለዋል። እኛ ጋ ግን የሕይወትና የሞት ጉዳይ ስለሆነ መያዝ ያለበት እንደ ጌጥ ሳይሆን እንደ አደራ ነው። መንግሥት አደራውን ከሰው እጅ ለመቀበል መጀመሪያ ራሱ መታመን አለበት። እኛም እስከዚያው ቢያንስ ጥይቱን እንቁጠር፣ ልጆቹን ከአጠገቡ እናርቅ።

ቸር ያሰማን።