ዕጣ የጣለው የነጻ ፈቃድ ሰባኪ

ሰሞኑን ደግሞ የምርጫና የነጻ ፈቃድ ክርክር አገርሽቷል። ቴሌግራሙም ዩቲዩቡም ሮሜ 9 ብቻ ሆኗል። አንዱ ወገን፣ ካልቪኒስቱ፣ «እግዚአብሔር ዓለም ሳይፈጠር የሚድኑትን መርጧል» ይላል፤ ሌላው፣ አርሚኒያኑ፣ «ታዲያ ያልተመረጠው ምን አጠፋ?» ብሎ ይጠይቃል። እስከዚህ ድረስ ደግ ነው። ጥያቄው ከባድ ነው፤ አውግስጢኖስና ጲላግዮስ በ5ኛው ክፍለ ዘመን፣ ሉተርና ኢራስመስ በ1520ዎቹ፣ ሆላንዶች ደግሞ በ1618 እና በ1619 በዶርት ጉባኤ ተሟግተውበት አላለቀም። በእኛ ግሩፕ ያልቃል ብዬም አልጠብቅም። (ዓመቶቹንም ወሮቹንም ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

እኔን የሚያናድደኝ ቀጥሎ የሚመጣው ነው። «ካልቪኒስት ከሆንክ ለምን ወንጌል ትሰብካለህ? የተመረጠው መዳኑ አይቀር!» «አርሚኒያን ከሆንክ ራስህን አዳንክ ማለት ነው፤ ጸጋን አታውቃትም።» ሰውየው የሚያምነውን ትተን፣ እምነቱ ያደርሰዋል ብለን የገመትነውን ጥፋት እናሸክመዋለን። እሱ ገና እዚያ አልደረሰም፤ እኛ ግን ፈርደን ጨርሰናል።

ይህን ስሰማ ሁልጊዜ ትዝ የሚሉኝ ሁለት እንግሊዛውያን ናቸው፤ ጆን ዌስሊና ጆርጅ ዊትፊልድ። ሁለቱም የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ካህናት፣ ሁለቱም ለ39ኙ የእምነት አንቀጾች የፈረሙ (17ኛው ስለ ምርጫ የሚናገረው ነው)፣ ሁለቱም ኦክስፎርድ ላይ ሰው «ሜቶዲስቶች» እያለ የሚያሾፍበት የአንድ ጸሎት ቡድን አባላት። ዌስሊ የቄስ ልጅ፣ የሊንከን ኮሌጅ መምህር፣ ሁሉን ነገር በሰዓትና በሥርዓት የሚያደርግ ሰው ነው። ዊትፊልድ በ11 ዓመት ያንሰዋል። ቤተሰቦቹ ግሎስተር ከተማ ውስጥ የእንግዳ ማረፊያ ነበራቸው፤ እሱም ኮሌጅ የተማረው ለባለጸጋ ተማሪዎች እየተላላከ ነው። አንድ ዓይኑ ሸውራራ ስለነበረ የለንደን ቲያትረኞች ተሳልቀውበታል። ድምፁ ግን ጉድ ነበር። ቤንጃሚን ፍራንክሊን ፊላደልፊያ ላይ ዊትፊልድ ሲሰብክ ወደ ኋላ እየራቀ ሄዶ፣ ድምፁ የሚደርስበትን ለክቶ፣ ከ30,000 በላይ ሰው ሊሰማው እንደሚችል አስልቷል።

በየካቲት 1739 ዊትፊልድ ብሪስቶል አጠገብ ወዳለው ኪንግስውድ ወጣ። እዚያ የሚኖሩት የድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎች ነበሩ፤ የከተማው ሰው የሚፈራቸው፣ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ደርሰው የማያውቁ ሰዎች። ሜዳ ላይ ቆሞ ሰበከላቸው። በከሰል በጠቆረ ጉንጫቸው ላይ እንባቸው ነጭ መስመር እያወጣ ሲወርድ ማየቱን እሱ ራሱ ጽፏል። በመጀመሪያው ቀን የተሰበሰቡት 200 ያህል ነበሩ፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ብዙ ሺህ ሆኑ። እሱ ደግሞ ወደ ሌላ ቦታ መሄድ ነበረበትና ዌስሊን «ና፣ ተረከበኝ» ብሎ ጠራው። ዌስሊ ተቸገረ። ከቤተ ክርስቲያን ውጭ ነፍስ ማዳን ኃጢአት ሊመስለው ምንም ያልቀረው ሰው ነበርና፤ ይህንንም ቃል በቃል ባይሆን እንዲህ በሚመስል አነጋገር በማስታወሻው አምኗል። ሆኖም ሚያዝያ 2 ቀን ብሪስቶል ላይ ሜዳ ወጥቶ ሰበከ። ያ ሕዝብ፣ ያ ሜዳ፣ ያ ሥራ ዊትፊልድ በእጁ ያስረከበው ነው።

ወር እንኳ አልሞላም፤ ዌስሊ በዚያው ብሪስቶል ላይ ዊትፊልድ የያዘውን፣ አስቀድሞ መወሰን የሚለውን ትምህርት የሚያፈርስ ስብከት ሰበከ። «ነጻ ጸጋ» ይባላል። ስብከቱ የዋዛ አይደለም። እንዲህ ከሆነ ስብከት ከንቱ ነው፣ ቅድስናን መከታተል ከንቱ ነው፣ ይባስ ብሎም ይህ ትምህርት እግዚአብሔርን ከዲያብሎስ የከፋ ያደርገዋል እስከማለት ደርሷል። ዊትፊልድ ይህን የሰማ ጊዜ እንዳያሳትመው ለመነው። መርከቡ ወደ አሜሪካ ከተነሳ በኋላ ታተመ።

አሁን ወደምወደው ክፍል ደረስን። ዌስሊ ይህን ስብከት ለመስበክና ለማሳተም እንዴት ወሰነ? ዕጣ ጥሎ! በልቡ ሲያመነታ ቆይቶ ዕጣ አወጣ፤ «ስበክ፣ አሳትም» የሚል ወጣለት፤ ሰበከ፣ አሳተመም። የሰውን ነጻ ፈቃድ ለመከላከል የተጻፈው የዘመኑ ዝነኛ ስብከት የወጣው በዕጣ ነው።

ይህ የአንድ ቀን ድንገተኛ ነገር አልነበረም። በ1737 ጆርጂያ ሳለ ሶፊያ ሆፕኪ የምትባለውን ወጣት ላግባት ወይስ ልተዋት ብሎ ሲጨነቅ 3 ዕጣ ተጻፈለት፦ አንዱ አግባ፣ አንዱ ዘንድሮ አታስበው፣ አንዱ ጨርሶ እርሳው። ሦስተኛው ወጣ። ረሳት ማለት ግን አይደለም። በ1738 መጀመሪያ ደግሞ እሱ ከአሜሪካ ሲመለስ ዊትፊልድ ወደዚያው ለመሄድ በዲል ወደብ መርከብ ላይ ነበር። ዌስሊ ዕጣ ጣለና «ወደ ለንደን ይመለስ» የሚል ስለወጣለት ያንን ላከለት። ዊትፊልድ ደብዳቤውን አነበበ፣ ጸለየ፣ ጉዞውንም ቀጠለ።

እንግዲህ ልብ በሉ። ሁሉ አስቀድሞ ተወስኗል የሚለው ሰው ዕጣውን ገፍቶ በራሱ ውሳኔ ባሕር ተሻገረ። ሰው ይመርጣል የሚለው ሰው ደግሞ ሚስት እንኳ በዕጣ ነው የሚመርጠው። አንድ ሰው አርሚኒያን መሆኑን ብቻ ነግራችሁኝ እንዴት እንደሚኖር ተንብይ ብትሉኝ፣ በዚህ ምክንያት እምቢ እላለሁ።

ዊትፊልድ መልሱን የጻፈው በ1740 የገና ዋዜማ፣ ጆርጂያ ውስጥ ካቋቋመው ቤቴስዳ ከሚባለው የሙት ልጆች ማሳደጊያ ነው። ዋናው ክርክሩ አጭር ነው፦ ማን እንደተመረጠ እኛ አናውቅም፤ ስለዚህ ለሁሉም እንሰብካለን፤ እግዚአብሔር የመረጣቸውን የሚጠራበት መንገድም ስብከቱ ራሱ ነው። ስብከትን ከንቱ ያደርጋል የተባለውን ክስ ደግሞ በኑሮው መልሶታል። አትላንቲክን 13 ጊዜ የተሻገረ፣ ሳምባው እስኪደክም በየሜዳው የጮኸ ሰው ፊት ቆሞ «አንተ ስብከት ከንቱ ነው ትላለህ» ማለት ድፍረት ይጠይቃል። ሆኖም በዚያው ደብዳቤ አንድ ያልተገባ ነገር አደረገ፤ የዌስሊን የዕጣ ምስጢር አደባባይ አወጣው። በኋላ በዚህ ተጸጽቶ ይቅርታ ጠይቋል።

ከይቅርታው በፊት ግን ሌላ የግል ደብዳቤው፣ እሱም ዌስሊም ሳይፈቅዱ፣ ለንደን ውስጥ ታትሞ ወጣ። የካቲት 1 ቀን 1741 ፋውንድሪ በሚባለው የዌስሊ ጸሎት ቤት ደጃፍ ላይ ለገባው ሰው ሁሉ ይታደል ጀመር። (ቦታው ቀድሞ መድፍ የሚሠራበት ነበር፤ ለጠቡ የተመቸ።) ዌስሊ ሰብኮ ሲጨርስ ወረቀቱን አንስቶ ለሕዝቡ አሳየ፤ ዊትፊልድ ራሱ እዚህ ቢኖር የሚያደርገውን አደርጋለሁ አለና ቀደደው። ሕዝቡም ቀደደ። በሁለት ደቂቃ ውስጥ ያልተቀደደ ቅጂ አልቀረም ይላል ማስታወሻው። የዛሬ ስክሪንሾት ለጣፊዎች ይህን ቢያነቡት እወዳለሁ። በሚቀጥለው ወር ዊትፊልድ ለንደን ሲደርስ ግን ነገሩ በመቅደድ የሚያልፍ አልሆነም፤ እኔና አንተ የምንሰብከው ሁለት የተለያየ ወንጌል ነው ብሎ ፊት ለፊት ነገረው። ተለያዩ። ሜቶዲስቱም ለሁለት ተከፈለ፤ በኋላ ሰዎቹ ቢታረቁም ጉባኤዎቹ አልተዋሃዱም።

እኔ በትምህርቱ ወደ ዌስሊ አደላለሁ፤ ልደብቀው አልፈልግም። ክርስቶስ ስለ ኢየሩሳሌም የተናገረውን፣ ማቴዎስ 23 ላይ ያለውን፣ ቀድሞ እንደተዘጋ ጉዳይ አድርጌ ማንበብ አልቻልኩም። በዚህ ጉዳይ ኦርቶዶክስ ወዳጆቼን ክርክሩ ራሱ ይገርማቸዋል። ሲራክ 15 ላይ ያለውን የእሳትና የውሃ ምርጫ ከልጅነታቸው ሰምተው ነው ያደጉት፤ እኛ ፕሮቴስታንቶች በ66ቱ መጻሕፍት ውስጥ ስለሌለ እንዘለዋለን። ሆኖም ወደ ዌስሊ ባደላም በዚያ ጠብ ውስጥ የተሻለ ጠባይ ያሳየው ዊትፊልድ ነው ብዬ አምናለሁ። ወንድምህ በሰጠህ ሜዳ ላይ፣ ወንድምህ በሌለበት፣ የወንድምህን እምነት የዲያብሎስ ማድረግ፣ ዕጣው ምንም ቢል፣ ያሳፍራል።

ይህን ብዬ ዊትፊልድን ልሸልመው ስነሳ ጆርጂያ ትመጣብኛለች። ቅኝ ግዛቲቱ ባርነትን ከልክላ ነበር። ክልከላው እንዲነሳ ከወተወቱት አንዱ ዊትፊልድ ነው፤ ለሙት ልጆቹ ማሳደጊያ ገንዘብ ያስፈልገው ነበርና ገና ሳይፈቀድ ደቡብ ካሮላይና ውስጥ ባሪያዎች የሚሠሩበት እርሻ ያዘ። ክልከላው በ1751 ተነሳ፤ እሱ ሲሞት ባሪያዎቹ ከንብረቱ ጋር በኑዛዜ ተላለፉ። ዌስሊ ግን በ1774 ባርነትን የሚያወግዝ መጽሐፍ አሳተመ፤ ሊሞት ቀናት ሲቀሩትም በፓርላማ የባሪያ ንግድን ይታገል ለነበረው ለዊልበርፎርስ በርታ ብሎ ጽፏል።

«አየህ! አስቀድሞ መወሰን የሚያመጣው ይህን ነው» የሚል አርሚኒያን ወዲያው ይነሳል። ቆይ። የባሪያ መርከብ ካፒቴን የነበረውና በኋላ ንግዱን አጥብቆ የተቃወመው ጆን ኒውተን ካልቪኒስት ነው። በ1789 የሕይወት ታሪኩን አሳትሞ እንግሊዝን ያነቃነቀው፣ ራሱን ከባርነት በገንዘቡ የዋጀው ኦላውዳህ ኢኩያኖም በምርጫ የሚያምን ነበር፤ ያለፈበትን መከራ ሁሉ በእግዚአብሔር መግቦት ነው ያነበበው። ሰንሰለት ያጠለቀው ሰውና ሰንሰለቱን የፈታው ሰው ሮሜ 9ን የሚረዱት በአንድ ዓይነት ነው። ቦስተን ውስጥ በባርነት የነበረችው ወጣቷ ገጣሚ ፊሊስ ዊትሊ ስሟ የተሰማው ደግሞ ዊትፊልድ ሲሞት በጻፈችለት የሐዘን ግጥም ነው። ይህን ምን ላድርገው? ለየትኛው ወገን ነጥብ ልስጠው?

ደግሞ ያላደላሁበትን ወገን ያስከበረልኝ ከመጽሐፍ ያላገኘሁት ነገር ነው። በጉባኤያችን የመርሳት ሕመም የያዛቸው አንዲት እናት አሉ። ድሮ ጸሎት የሚመሩ፣ ጾም የሚያውጁ ነበሩ፤ አሁን ልጃቸውን «አንተ የማን ልጅ ነህ?» ይሉታል፤ ዝማሬ ሲጀመር ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ቃሉ የለም። ነጻ ፈቃድ ላይ የቆመ ትምህርቴ እዚያ ወንበር አጠገብ ሲደርስ ይንተባተባል። ፈቃዳቸው የት ሄደ? ዛሬ ማመናቸውን ማን ይመልስልኝ? ልጃቸው ግን ካልቪንን በስም እንኳ ሳያውቅ መልሶታል፦ «እሷ ብትረሳው እሱ አይረሳትም።» ዌስሊም ይህን አይክድም ነበር፤ ነገር ግን ይህን ቃል አጥብቆ የያዘው ወገን የዊትፊልድ ነው።

ወደ አገራችን ስመጣ ደግሞ፣ የሉተራን ውርስ ያላት መካነ ኢየሱስና የፕሪስባይቴሪያን ውርስ ያለው ቤቴል በ1974 ሲዋሐዱ ሁለቱ ውርሶች በዚህ ጥያቄ ላይ አንድ ዓይነት አልነበሩም። ተዋሐዱ፤ አብረውም አሉ። ዛሬ በስልካችን የሚገባው ጠብ ከዚያ ታሪክ የመጣ አይመስለኝም፤ አብዛኛው ከእንግሊዝኛ ቪዲዮ ከነቁጣው የተወረሰ ነው።

ዊትፊልድ በመስከረም 30 ቀን 1770 ማሳቹሴትስ ውስጥ ኒውበሪፖርት ላይ አረፈ፤ የተቀበረውም እዚያው ቤተ ክርስቲያን መድረክ ሥር ነው። የመታሰቢያውን ስብከት ዌስሊ እንዲሰብክ ፈልጎ ነበርና በኅዳር 18 ለንደን በሚገኘው በዊትፊልድ ጸሎት ቤት ዌስሊ ቆመ። ዓመቱ ሰላም አልነበረም። በዚያው ዓመት ኦገስተስ ቶፕላዲ የተባለው ወጣት ቄስ ስለ አስቀድሞ መወሰን ተርጉሞ ያወጣውን መጽሐፍ ዌስሊ አሳጥሮ አሳትሞት፣ መጨረሻው ላይ ከ20 ሰው 19ኙ የተኮነነ ነው የሚል ማጠቃለያ ራሱ ጽፎ በቶፕላዲ ስም መጀመሪያ ፊደላት ፈርሞበት ነበር! ቶፕላዲ ያልተናገረውን። ከላይ ያልኩት የግሩፖቻችን ነገር፣ ያልሄደበትን መንገድ ማስሄድ፣ በ66 ዓመቱ ዌስሊ እጅ የተሠራ ነው።

በመታሰቢያው ስብከት ግን ሌላ ዓይነት ሰው ሆነ። ስለ ዊትፊልድ ፍቅር፣ ስለ ትጋቱ፣ ለወዳጅነት ስለነበረው ልብ ተናገረ። የትምህርቱን ዋና ነገር ሲያጠቃልል ደግሞ ዳግም መወለድና በእምነት መጽደቅ አለ። ምርጫ የሚለውን አላነሳም። የካልቪን ወገን የነበረው ጎስፕል ማጋዚን ወዲያው ተቆጣ፤ ሰውየውን ከሞተ በኋላ አርሚኒያን አደረጋችሁት አይነት ወቀሳ ወረደ። እዚህ ላይ መጽሔቱን ጠባብ ማለት ይቀላል። እኔ ልክ ነበር እላለሁ። ዊትፊልድ ለዚያ ትምህርት ከወዳጁ ተለያይቷል፤ ሬሳው ላይ ቆሞ ዳር ላለ ነገር ነበር የተጣላነው ማለት ለሟቹ አይሆንም። ዌስሊ «በምርጫ ያምን ነበር፤ እኔ አላምንም፤ እወደው ነበር» ቢል ማን ይከለክለው ነበር? ሦስቱንም በአንድ ትንፋሽ ለማለት 31 ዓመት አልበቃውም።