ዴርቶጋዳ በዴም

የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» በ2001 ዓ.ም. ታትሞ ከወጣ በኋላ ካርቱም የገባው ሌላው የሀገር ቤት ዕቃ ሁሉ በሚገባበት መንገድ ነበር፤ ከጎንደር መተማ፣ ከመተማ ገላባት፣ ከዚያም በገዳሪፍና በወድ መደኒ በኩል። በርበሬውና ሽሮው፣ ሲኒውና የጥበብ ቀሚሱ በታጨቀበት ሻንጣ ጥግ ተሸጉጦ ዴም ደረሰ።

ዴም ውስጥ መጽሐፍ የአንድ ሰው ንብረት ሆኖ አይዘልቅም ነበር። ክርክሩን ያስነሣው ቅጅ የአንዲት የቡና ቤት ሠራተኛ ነው። ልጂቱ ከጎንደር ገጠር የመጣች፣ ትምህርቷን ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጠች፣ ቀን ጀበና ስታመላልስ ውላ ማታ በስልኳ መብራት የምታነብ ነበረች። ሽፋኑ ሲገነጠል በዓረብኛ ጋዜጣ ለበጠችው። ወረፋው ሲበዛ ደግሞ ስፌቱን ፈትታ ከሦስት ከፈለችው። የመጀመሪያውን ክፍል የጨረሰ ሰው መካከለኛውን የያዘው ሰው ቤት ድረስ ሄዶ ያጣድፍ ነበር። ከሻ ወጣ በተባለ ቀን፣ ኢቃማ የሌለው ሁሉ በሩን ዘግቶ ሲውል፣ ወረፋው ቶሎ ቶሎ ይንቀሳቀሳል። ሱዳኖች «ካይሮ ይጽፋል፣ ቤሩት ያትማል፣ ካርቱም ያነባል» የሚሉት የሚኮሩበት አባባል አላቸው፤ በዚያ ሰፈር አባባሉ ለአማርኛም ሠርቶ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

መጽሐፉ የያዘው የጣናን ገዳማት፣ የውጭ ሀገር ሰላዮችን፣ በሕዋ ሳይንስ ስሙ የተጠራ ኢትዮጵያዊ ሊቅን፣ የተሰወረ ጥበብን፣ በዚህ ሁሉ መካከልም ፍቅርን ነው። በናሳ ሠርቶ በ1998 ዓ.ም. ያረፈውን የቅጣው እጅጉን ስም የሚያስታውስ አንባቢ፣ የሊቁ ገጸ ባሕርይ ማንን እንደሚያስታውሰው ለመናገር አይቸገርም። የአማርኛ ልብ ወለድ አንባቢ ስለላን ከማሞ ውድነህ ትርጉሞች፣ የተማሪ ቤት ፍቅርን ከሲሳይ ንጉሡ «ሰመመን» ያውቀዋል። ሁለቱን ከገዳምና ከሮኬት ጋር በአንድ ድስት መጣዱ ግን ለብዙ ወጣት አዲስ ነገር ነበር። መጽሐፉ በተደጋጋሚ ታተመ፤ ተከታዩን «ራማቶሓራ»ንም በጉጉት የሚጠብቅ አንባቢ አገኘ። የዚያኑ ያህል ነቃፊም አላጣም፤ ከዳን ብራውን መጻሕፍት ጋር እያስተያየ «የተቀዳ ነው» የሚለው ብዙ ነበር።

የዴሙ ነቃፊ አንድ አዛውንት መምህር ናቸው። በሀገር ቤት አማርኛ ሲያስተምሩ ኖረው በደርግ ዘመን የተሰደዱ፣ ሰፈሩ ሁሉ «መምህር» እያለ የሚጠራቸው ሰው ነበሩ። መጽሐፉን «ይኼ የሕፃን ጨዋታ» እያሉ ተቀብለው በሦስተኛው ቀን መለሱት፤ ሦስቱንም ክፍል ወረፋ ሳይጠብቁ እንዴት እንዳገኙ የሚጠይቃቸው አልነበረም። ፍርዳቸው ከባድ ነበር። ዐረፍተ ነገሩ ይሮጣል እንጂ አይራመድም አሉ። አጋጣሚው በዝቷል፤ ሴቶቹ ሁሉ ቆንጆዎች ናቸው፤ ወንዶቹ ሁሉ ሊቃውንት። ይህንን ሁሉ ግን ይቅር ሊሉት ይችሉ ነበር። ያልማሩት አንድ ነገር ነው።

«ከሐይቅ ሥር የተቀበረ ጥበብ አለኝ ብሎ የተቀመጠ ሕዝብ ጉድጓድ አይቆፍርም» አሉ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ቡና ቤቱ ሞልቶ ሳለ። «የእኛ ሀገር ያጣችው ሥራ ነው እንጂ ምሥጢር አይደለም። ይኼ ልጅ ደግሞ ምሥጢር ይሸጥላችኋል።»

ልጂቱ ረከቦቱ አጠገብ ቆማ ስታዳምጥ ነበር። «መምህር፣ የሚሉትን አልክድም» አለች። «ግን እኔ ወደዚህ የመጣሁት ጉድጓድ መቆፈር ጠልቼ አይደለም። ቀኑን ሙሉ ‹ሐበሺያ፣ ቡና አምጪ› ስባል እውላለሁ። ማታ ሀገርሽ ሮኬት የሚሠራ ሰው አላት የሚለኝ ባገኝ ምን አለበት?»

መምህሩ መልስ አልሰጧትም። ቶናው እስኪቀዳ ጠብቀው ወሬውን ወደ ሌላ መለሱት።

በቋንቋው ጉዳይ ከመምህሩ ጋር መከራከር ያስቸግራል፤ የመጽሐፉ አማርኛ በእርግጥ የቸኮለ ነው፣ ውበቱም ከድርጊቱ ፍጥነት እንጂ ከቃላቱ አይመጣም። በሁለተኛው ክስ ግን ያዩት ሌላ ሕዝብ ነበር። ተረት ሥራ ያስፈታል የሚባለው ሥራ ለሚፈታ ሰው ነው። በዴም መጽሐፉን ያነቡ የነበሩት በሰው ቤት ከንጋት እስከ እኩለ ሌሊት የሚያጥቡና የሚተኩሱ፣ በግንባታ ቦታ በአርባ አምስት ዲግሪ ፀሐይ ሲሚንቶ የሚሸከሙ ናቸው። እነርሱ ሥራ አልጎደላቸውም።

ሌላም ዓይነት አንባቢ ነበር። አንዲት ጾም የማትስት እናት ገዳማቱ የሰላይ መድረክ መሆናቸው አስቀይሟት መጽሐፉን በግማሽ ትታዋለች፤ እስከ ዛሬም መጨረሻውን አታውቅም፣ ማወቅም አትፈልግም። አንድ ጎረምሳ በተቃራኒው ሁሉንም አምኖ፣ ከባሕር ዳር የመጣ ሰው ባገኘ ቁጥር ወደ ጎን እየሳበ «እውነት ከሐይቁ ሥር አለ?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። ከተጠየቁት አንዱ ዘጌ የተወለደ ነው። «እኔ እስከማውቀው ያለው ዓሣ ነው» ቢለው ጎረምሳው «አንተማ እንዳትናገር ምለህ ይሆናል» አለውና ሰፈሩ ለወራት ሲሥቅበት ከረመ።

እንዲህ ያለው ጠብ የዴም ብቻ አልነበረም። በእነዚያው ዓመታት አሜሪካዊቷ ስቴፈኒ ሜየር፣ እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2008 ባሳተመቻቸው አራት የ«ትዋይላይት» መጻሕፍት፣ አንዲትን ልጃገረድ ደም ከሚመጥና ከማይሞት ጎረምሳ ጋር አፋቅራ የአንባቢውን ዓለም ለሁለት ከፍላው ነበር። መጻሕፍቱ ከአንድ መቶ ሚሊዮን በላይ ተሸጡ። እናቶችና ሴቶች ልጆቻቸው አብረው አነበቧቸው። ሌሎች ደግሞ ልጂቱ ራሷን ለወንዱ አሳልፋ መስጠቷ፣ እርሱም ተኝታ ሳለች ሳታውቅ ሲመለከታት ማደሩ በፍቅር ስም መቅረቡ አስቆጣቸው። የአስፈሪ ልብ ወለድ ጌታ የሚባለው ስቴቨን ኪንግ በ2009 ሜየር መጻፍ አትችልም ብሎ በግልጽ ተናገረ፤ ልጃገረዶች ለምን እንደሚወዷት ግን እንደሚገባው አልሸሸገም። የዴሙም መምህር ይህን ሁለተኛውን ነገር ቢጨምሩበት ኖሮ ክርክሩ ያን ያህል ባልመረረ።

የ«ትዋይላይት» ፊልም በሳተላይት ቴሌቪዥን፣ ከሥሩ ዓረብኛ እየተጻፈበት፣ ዴምም ደርሶ ነበር። የቡና ቤቱ ባለቤት፣ ዕድሜ የጠገበች ሴት፣ ጥቂት አይታ «ይኼማ ዛር ነው፤ ምን አዲስ ነገር አለው?» አለች። ነገሩን ለሚያውቅ ትክክል ናት። ቆንጆ ሴት አይቶ የሚወድ፣ ከባሏ የሚቀናባት፣ ሽቶና ጌጥ የሚጠይቅላት የማይታይ ወዳጅ በኢትዮጵያ የቆየ ወሬ ነው። ሱዳንም ዛር አለ። ጃኒስ ቦዲ የተባለችው የሥነ ሰብእ ተመራማሪ በሰሜን ሱዳን ከአንድ መንደር ሴቶች ጋር ኖራ በ1989 ባሳተመችው መጽሐፍ፣ የሴቶቹ ዛሮች በየወገናቸው እንደሚለዩና ከወገኖቹም አንዱ «ሐበሽ» እንደሚባል ጽፋለች። ከእነዚህም አንዷ ሉሊያ የምትባል ሐበሻዊት ናት፤ በሰው ላይ ስትወርድ እንደ ሙሽራ ተውባ የምትታይ።

ይህ ሲነገር ልጂቱ ሣቀች። «እኛን ነው እንዴ ዛር ያደረጉን?» አለች። ሥቋ ግን አልቆየም። በሌሎች ተረት ውስጥ ሽቶ የምትጠይቅ ሙሽራ ሆኖ መገኘት ያው «ቡና አምጪ» ከመባል ብዙ አይርቅም። «ዴርቶጋዳ»ን ለምን እንደያዘች ከመጀመሪያው መልሷ ይልቅ ይህ ሥቅ የበለጠ ይናገራል፤ ድንቁ ነገር በሐበሻ ስም፣ በሐበሻ ቋንቋ፣ ሐበሻው ራሱ እየነዳው ያገኘችው እዚያ ነበር።

መምህሩ ሊያስተምሯት ፈልገው የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» አዋሷት። ከ1958 ዓ.ም. ጀምሮ የአማርኛ ልብ ወለድ የሚለካበት መጽሐፍ ነው፤ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከውም ያልሰማ የለም። ልጂቱ በሁለት ወር ጨረሰችው። ጉዱ ካሣን ወደደችው። አማርኛውም እንደ ማር ነው አለች። ስትመልሰው ግን፦

«መምህር፣ በዛብህ ሞተ፤ ሰብለ መነኮሰች። ፍቅር እዚህ ድረስ ነው ይላል። ይኼንንማ ዴም ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።»

መምህሩ ይህን ቃል ለብዙ ሰው ደጋግመው አውርተውታል፤ በንዴት ይሁን በአድናቆት ግን አይለይም ነበር።

ነገሩን ያወሳሰበው ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። በዴም የተወለዱ ልጆች ውጭ በዓረብኛ ይጫወታሉ፣ ቤት ውስጥ በአማርኛ ይቆጣሉ፤ ፊደል ግን ብዙዎቹ አያውቁም። መምህሩ ዓርብ ዓርብ፣ ሱዳን በምታርፍበት ቀን፣ ጥቂት ልጆች ሰብስበው ፊደል ያስቆጥሩ ነበር። ፊደሉን ከለየ በኋላ ልጁ የሚያነበው ነገር ያስፈልገዋል። ተረትና ምሳሌ ቢያመጡ ልጆቹ አዛጉ። የሀገር ታሪክ ቢያመጡ ባሰባቸው። በመጨረሻ ለቃል ጽሕፈት የመረጡት፣ በጋዜጣ የተለበጠውን፣ የናቁትን መጽሐፍ ነው። ልጆቹ ቀጥሎ የሚሆነውን ለማወቅ ሲሉ የሚቀጥለውን ዓርብ ይጠብቁ ጀመር። ከእነርሱ አንዱ የዚያችው የቡና ቤት ሠራተኛ ልጅ ነው፤ ዓመታት አልፈው ነበርና እርሷም እናት ሆና ነበር።

መምህሩ ሐሳባቸውን ለወጡ ማለት አይደለም። መጽሐፉን ባስተማሩበት ቁጥር እርሳስ ይዘው የፊደል ግድፈቱን ያርሙ ነበር፤ «ሐ»ውን ከ«ኀ»ው፣ «ሠ»ውን ከ«ሰ»ው እየለዩ። ከእርማቱ ጎን ለጎን ብስጭታቸውንም ጻፉ፦ «ይህ እንዴት ይሆናል?»፣ «በአንድ ሌሊት?»፣ «ይህችም ቆንጆ ናት?» ከእርሳቸው በኋላ ያነበበ ሰው ሁለት መጽሐፍ በአንድ ዋጋ አነበበ። አንድ ያልታወቀ አንባቢ ከአንዱ አስተያየት ሥር በቢክ «መምህር፣ እባክዎ ይለፉን፤ ታሪኩ እየተቋረጠብን ነው» ብሎ ጽፎባቸው ነበር። እርሳቸውም ከሥሩ «ይለፉን» የሚለውን ቃል አርመው «ያሳልፉን» አደረጉት።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነት ሲፈነዳ ዴም ተበተነ። ወደ ወድ መደኒ የሄደ ሄደ፣ ወደ ፖርት ሱዳንም፣ ወደ መተማም። የቡና ቤቱ ሠራተኛ ልጇን ይዛ ከብዙ ቀን በኋላ ጎንደር ገባች። የተለበጠው መጽሐፍ ሦስቱም ክፍል በመምህሩ ክፍል ውስጥ ነበር፤ የመጪው ዓርብ ገጽ ሳይነበብ ቀርቷል።

ጎንደር ላይ ከመንገድ ዳር መጽሐፍ ሻጭ አዲስ እትም ገዛችለት። ልጁ ያቆሙበትን ቦታ ፈልጎ አገኘና ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ፤ ጥቂት ሄዶም ቆመና የገጹን ዳር ዳር ተመለከተ። ነጭ ነው፣ ምንም አልተጻፈበትም። «የመምህር የት አለ?» ብሎ ጠየቃት። መምህሩ ገዳሪፍ ደርሰዋል የሚል ወሬ ሰምታለች። ስልካቸው ግን አይነሣም።