ስልክ መንገድ ሲመራ፦ ከደብረ ብርሃን እስከ አልዩ አምባ

በዚህ ወር የጉዞ ዓምዳችን ወደ ሰሜን ሸዋ፣ ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበርና ወደ አልዩ አምባ ይዘናችሁ እንወርዳለን። መንገዱን የጀመርነው ለሽርሽር አልነበረም። በመስከረም 2012 ዓ.ም. አንድ ቀን ጎሕ ሲቀድ ከአልዩ አምባ መርዶ ደረሰን። ቀብሩ ከዐስር ሶላት በኋላ መሆኑ ተነገረን፤ እግረ መንገዳችንንም ደብረ ብርሃን የሚኖሩትን የሟቿን ታላቅ ወንድም፣ እርጅና የተጫናቸውን ሸኽ፣ ከቤታቸው አንስተን እንድናደርስ አደራ ተጣለብን። ቤታቸውን አናውቀውም። አብሯቸው የሚኖረው የልጅ ልጃቸው መቃብር ለመቆፈር ሌሊቱን ቀድሞ ሲወርድ «ሎኬሽኑን በስልክ ልኬላችኋለሁ፤ አትጠፉም» ብሎን ነበር። ከዚያ በኋላ ስልኩ አልሠራም።

ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ስለሆነች ብርዷ ለእንግዳ አይራራም። ከረፋዱ 4 ሰዓት ላይ ደርሰን ባጃጅ ያዝን። በውጭ አገር በጎልፍ መጫወቻ ሜዳ ላይ ሰው የሚያመላልሱ ትናንሽ ተሽከርካሪዎች አሉ፤ አንዳንዶቹ ላይ በተገጠመው ጂፒኤስ ተጫዋቹ ኳሷ የምትገባበት ጉድጓድ ስንት ሜትር እንደሚቀረው ያነባል። የእኛ ባጃጅ ደግሞ ከመሪዋ ላይ በላስቲክ የታሰረ ስልክ ነበራት። በኮብልስቶኑ ላይ ስትንገጫገጭ ስልኩም አብሮ ይንቀጠቀጣል፤ ወጣቱ ሾፌር ግን በአንድ ዓይኑ መንገዱን፣ በሌላው ሰማያዊዋን ነጥብ እያየ ይነዳል። (ይህ ልማድ እንደማያስደስተን ሳንነግረው አላለፍንም።)

ነጥቧ «ደርሳችኋል» ባለችበት ስፍራ ቤት አልነበረም። የቆምነው ከአንድ ቦረቦር አፋፍ ላይ ነው። ሾፌሩ ዞሮ በሌላ መንገድ ሞከረ፤ ያው ቦረቦር በወዲያኛው በኩል ጠበቀን። እንዲህ ስንዞር አንድ ሰዓት ሊሞላ ምንም አልቀረውም። በመጨረሻ ወጣቱ ስልኩን ኪሱ ከቶ፣ ቆሎ ከምትሸጥ እናት ዘንድ ቆመና «እማማ፣ የሸኹን ቤት ያውቁታል?» አላት። «ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ሰማያዊ በር ያለው ነው፤ እኅታቸው አርፈውባቸው የለ? ቶሎ ሂዱ እንጂ!» አለችን። ሸኹ በሩ ላይ ዱላቸውን ተደግፈው ቆመው ነበር፤ ከማለዳ ጀምሮ እንደቆሙ ያስታውቃሉ።

ስሕተቱ ከየት መጣ? ይህን በኋላ አጣርተናል፤ ብዙ ቤተሰብ ለሠርግም ለለቅሶም ሎኬሽን የሚላላክበት ዘመን ስለሆነ ማወቁ ይጠቅማል። የጂፒኤስ ሳተላይቶች ከምድር በላይ 20,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ይዞራሉ። የመጀመሪያዪቱ እ.ኤ.አ. በ1978 ተላከች፤ አሜሪካኖች ለሲቪሉ ሕዝብ ሆን ብለው ያደበዝዙት የነበረውን ምልክት የለቀቁት ግን እ.ኤ.አ. በግንቦት 2000 ነው። ስልካችን እንደ ራዲዮ ያዳምጣቸዋል እንጂ ወደ እነርሱ ምንም አይልክም። ቢያንስ የአራቱን ድምፅ ከሰማ፣ ምልክቱ በስንት ጊዜ እንደደረሰው ቆጥሮ የቆመበትን ያሰላል። ከሴኮንድ አንድ ሚሊዮንኛዋ እንኳ ብትሳሳት 300 ሜትር ያህል ታዛንፋለች። ሜዳ ላይ፣ ሰማይ ገልጦ ሲታየው ስሕተቱ አምስት ሜትር ገደማ ነው። በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ግን ሳተላይቶቹን አይሰማም፤ ስለዚህ በስልክ ማማዎቹ እየገመተ፣ በነጥቧ ዙሪያ ሰፊ ክብ ያሰምራል። «ከዚህ ክብ ውስጥ አንድ ቦታ ነኝ» ማለቱ ነው። የልጅ ልጃቸው ሎኬሽኑን የላከው ሌሊት፣ ቤት ውስጥ ሆኖ ነው። እኛም ነጥቧን ብቻ አየን፤ ክቡን አላየንም። ላኪው ወደ ግቢ ወጥቶ ክቡ እስኪጠብ ጥቂት ቢታገሥ፣ ከዚያም «ወፍጮ ቤቱ ጀርባ» ብሎ አንድ መስመር ቢጨምርበት ኖሮ ያ ሁሉ መንከራተት ባልመጣ ነበር።

ወደ አንኮበር የሚወስደው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሚኒባስ በኮንትራት ይዘን ወጣን። የገብስ ማሳውንና የበግ መንጋውን አልፈን ወደ ተራራው ጫፍ ስንቃረብ ጉም ዋጠን። የዙህር ወቅት ገብቶ ስለነበር ከሣሩ ላይ ወረድን። ፀሐይ የለም፤ ቂብላው በየት በኩል ነው? ሾፌሩ ስልኩን አውጥቶ ቀስቱን ወዳሳየው አቅጣጫ ሊቆም ሲል ሸኹ ሳቅ አሉ። «ልጄ፣ ወደ ገደሉ ልትሰግድ ነው? ገደሉን በቀኝ እጅህ አድርገህ ቁም» አሉት።

ነገሩ እውነት ነበር። የአንኮበር ገደል ወደ ምሥራቅ፣ ወደ አፋር ቆላ ይወርዳልና በቀኝህ ካደረግከው ፊትህ ሰሜን ነው። መካ ደግሞ ከአንኮበር በስተሰሜን 1,300 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ ሁለቱ በአንድ የኬንትሮስ መስመር ላይ ያሉ ያህል ስለሆኑ፣ ቂብላው ከትክክለኛው ሰሜን አንዲት ዲግሪ እንኳ አይወጣም። አዲስ አበባ ላይ ከሰሜን ወደ ምሥራቅ አምስት ዲግሪ ገደማ ያዘነብላል። የሾፌሩ ስልክ የት እንደቆምን በትክክል ያውቅ ነበር፤ የሳተው ወዴት እንደዞርን ነው። ቦታ የሚነገረው ከሳተላይት ሲሆን፣ ቆመን ሳለን አቅጣጫ የሚነገረው ግን ስልኩ ውስጥ ካለች ትንሽ ኮምፓስ ነው። እርሷን ደግሞ ማግኔትና ብረት ያውኳታል። ስልኩ ሚኒባሱ ውስጥ የሚቀመጠው በማግኔት መያዣ ነበር፤ ከጀርባውም ብረት ተለጥፎበታል። ብረት ያልተለጠፈበትን የእኛን ስልክ ከመኪናው ራቅ ብለን በአየር ላይ የ8 ቁጥር ቅርጽ እያዞርን ስናንቀሳቅሰው ቀስቱ ወደ ሸኹ ፊት ተመለሰ።

ሸኹ ሌላም ነገር አጫወቱን። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በግንቦት 20 ከቀኑ 6፡18 እና በሐምሌ 9 ከቀኑ 6፡27 ገደማ፣ ፀሐይ በካዕባ አናት ላይ ትቆማለች። በዚያች ሰዓት ደመና ከሌለ ቀጥ ብሎ የተተከለ ዱላ ጥላው የቂብላውን ተቃራኒ ያመለክታል። በዚህ አገር የአንድ ሜትር ዱላ ጥላ ስንዝር ብትሆን ነው፤ እርሷ ግን ትበቃለች።

ስልኩን ከዚያ በኋላ የናቅነው እንዳይመስላችሁ። ከአንኮበር ቁልቁል ስንጀምር ጉሙ ከመኪናው አፍንጫ በፊት ያለውን አያሳይም፤ ኔትዎርክም ጠፋ። አንድ መንታ መንገድ ላይ ሾፌሩ አመነታ። ካርታውን አዲስ አበባ ሳለን ስልኩ ላይ ጭነነው ስለነበር ሰማያዊዋ ነጥብ መንቀሳቀሷን አላቆመችም። በተሳሳተው መንገድ ጥቂት እንደሄድን ነጥቧ ከመስመሩ ስትወጣ አየንና ተመለስን። ካርታ አስቀድሞ ለጫነ ሰው ጂፒኤስ ኢንተርኔት አይሻም። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት በተቋረጠ ጊዜ ይህን የሚያውቅ መንገደኛ ተጠቅሞበታል።

አልዩ አምባ የሩቅ አገር ሰው ድሮም ሲደርስባት የኖረች የሙስሊም ነጋዴዎች ከተማ ናት። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን የሸዋ መናገሻ አንኮበር ስትሆን፣ የሲራራው ንግድ ደግሞ እታች እዚህ ይራገፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1841 የመጣው የካፒቴን ሃሪስ የእንግሊዝ መልእክተኛ ቡድን ከታጁራ ወደብ ተነሥቶ ሸዋ ለመድረስ ከአንድ ወር በላይ ፈጅቶበታል። የመራውም በረሃውን የሚያውቅ ያገሩ ሰው ነው።

እኛ ከቀኑ 10 ሰዓት አልፎ ደረስን። ሶላተል ጀናዛው ተሰግዶ አልቋል፤ አፈሩ እየተመለሰ ነበር። ሰዉ ለሸኹ መንገድ ከፈተላቸው። ሦስት ጊዜ አፈር በእጃቸው ዘግነው ጨመሩ፤ ሰዉ ገለል ሲል ከመቃብሩ አጠገብ ቆመው የቀረባቸውን ሶላት ሰገዱ። ባጃጅ ላይ ያለቀችውን ያቺን አንድ ሰዓት ማንም አላነሣም፤ የልጅ ልጃቸው ግን ፊታችንን ማየት አቅቶት አካፋውን ይዞ ራቅ ብሎ ቆሟል።

ልንመለስ ስንነሣ ሸኹ «ይህን ቦታ በስልካችሁ ያዙልኝ፤ አገር ቤት የሌሉ ልጆች አሏት» አሉን። ሰማዩ ተገልጦ ነበር። ክቡ እስኪጠብ ጠበቅን፤ ጠቦ ጠቦ በነጥቧ ዙሪያ ሊጠፋ ደረሰ። «ያዝነው፤ ግን ከአምስት ሜትር በታች አይለይም» አልናቸው። በዙሪያችን ያሉትን መቃብሮች ተመለከቱ፤ ጎንበስ ብለው አንድ ድንጋይ አነሡና ከራስጌዋ አቆሙ።