እትዬ ዴልታ

በቅድሚያ አንድ ኑዛዜ። እኛ የዚህ ቤት ሦስት ልጆች፣ አባታችን ከትምህርት ቤት ሊወስደን ሲመጣ ከበሩ ራቅ ብሎ እንዲቆም እንለምነው ነበር። ምክንያታችንን አንነግረውም። “እዚህ ጋ መኪና ይበዛል አባዬ” ነበር የምንለው። እውነቱ ግን መኪናዋ ራሷ ነበረች። ገና ከጥጉ ሳትታጠፍ ድምጿ ይቀድማታል… ቀቀቀቀቀ! የክፍል ጓደኞቻችን “የቆሻሻ መኪና መጣ” ብለው ዞር ሲሉ፣ አባዬ በመስኮት እጁን አውጥቶ ያውለበልብልናል። እኛም ጫማችንን እያሰርን ያላየን እንመስላለን።

መኪናዋ የ1982 ኦልድስሞቢል ዴልታ 88 ነች፤ በናፍጣ የምትሄድ። (እዚህ ላይ ያለው ዓመት ሁሉ የፈረንጅ ነው።) ከሦስታችንም በዕድሜ ስለምትበልጥ “እትዬ ዴልታ” እንላታለን። ስሙን ያወጣችላት እማዬ ነች፤ እሷም ብትሆን በፍቅር አላወጣችውም። እሑድ ጠዋት ከአሌክሳንድሪያ ተነስተን ዋሽንግተን ቤተ ክርስቲያን ስንደርስ ነጠላዋ ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል። “የቄሱ ዕጣን እንኳን አላሸነፋትም፣ እትዬ ነች!” ትል ነበር።

እስቲ ስለ እትዬ ዴልታ ዘር ማንዘር ትንሽ እናውጋችሁ፤ ያለሱ ነገራችን አይገባም።

አሜሪካኖች የቤት መኪና በናፍጣ የማስኬድ ሐሳብ የቆየ ምኞታቸው ነው። በ1930 ክሌሲ ከሚንስ የተባለው ሞተር ሠሪ በአንድ ፓካርድ መኪና ላይ የናፍጣ ሞተር ገጥሞ ከኢንዲያና እስከ ኒው ዮርክ ነድቷታል። ወደ 800 ማይል ለሚጠጋው መንገድ ለነዳጅ ያወጣው 1 ዶላር ከ38 ሳንቲም ብቻ ነበር። በ1969 ደግሞ ታክሲ በመሥራት የሚታወቀው ቼከር የእንግሊዙን የፐርኪንስ ናፍጣ ሞተር በአማራጭነት አቀረበ። ሆኖም ቤንዚን እንደ ውሃ በረከሰበት አገር ማን ናፍጣ ይፈልጋል?

ከዚያ 1973 መጣ። የዓረብ አገሮች ነዳጅ አንሸጥም አሉ፣ ማደያዎች በሰልፍ ተጨናነቁ። በ1975 መንግሥት “የምትሠሯቸው መኪኖች ነዳጅ ይቆጥቡ” የሚል ሕግ አወጣ። ኦልድስሞቢልም ለ1978 ሞዴል ባለ ስምንት ሲሊንደር፣ 5.7 ሊትር የናፍጣ ሞተር ይዞ ብቅ አለ። ጉልበቱ መጀመሪያ 120 የፈረስ ጉልበት ነበር፤ ከ1980 ወዲህ 105። ለዚያ ሁሉ ብረት ትንሽ ናት፣ ግን በአውራ ጎዳና በአንድ ጋሎን እስከ 30 ማይል መሄድ በዚያን ጊዜ ለትልቅ መኪና ተአምር ነበር። በ1979 የኢራን አብዮት ነዳጁን እንደገና ሲያስወድደው ሰው ተሻማባቸው። የ1980 ካዲላክ ሴቪል እንኳን መደበኛ ሞተሩ ይኸው ናፍጣ ነበር። ሽያጩ በ1981 ጣሪያ ነካ።

ከዚያስ? ከዚያማ ወደቀ። ቴስታታ የሚነሳው፣ ጋስኬት የሚቃጠለው፣ ፖምፓ የሚዝገው በዛ። ባለቤቶች ፍርድ ቤት ሄዱ። ብዙዎቹ የናፍጣውን ሞተር አውጥተው የቤንዚን አስገጠሙ። በ1985 ምርቱ ቆመ። አሜሪካኖች ለብዙ ዓመታት “ናፍጣ” የሚለውን ቃል ሲሰሙ ፊታቸውን የሚያጨማድዱት ያ ሞተር ባሳያቸው አበሳ ነው ይባላል። ኦልድስሞቢል ራሱ በ2004 ተዘጋ።

አባዬ እትዬ ዴልታን የገዛት በዚያ ውርደት መሀል፣ በ1986 ነው። በሱዳን አድርጎ አሜሪካ ከገባ ሦስት ዓመቱ ነበር። መሀል ዋሽንግተን ውስጥ ፓርኪንግ ይሠራል፤ የሰው መኪና ተቀብሎ ያቆማል፣ ማታ አምጥቶ ይሰጣል። የናፍጣ ካዲላክና ኦልድስሞቢል ያየው እዚያ ነው። አንዱ ደንበኛ ጎረቤቶቹ ያወሩለት ወሬ አስፈርቶት መኪናውን ሳትበላሽ ሊገላገላት ፈለገ። ነዳጅም በዚያው ዓመት ስለረከሰ የናፍጣ መኪና የሚጠይቅ አልነበረም። አባዬ 800 ዶላር ከፍሎ ወሰዳት። አብረውት የሚኖሩት ጓደኞቹ “በገንዘብህ ጣጣ ገዛህ” ብለው ሳቁበት።

እኛም ሳቅንበት፤ ከብዙ ዓመት በኋላ ግን። ከሦስታችን አንዷ ጋዜጠኝነት ተመርቃ ስትመጣ፣ ያው አዲስ ተመራቂ ሁሉን ያውቃል አይደል፣ ስለዚህ ሞተር የተጻፈውን ሁሉ ለቃቅመን እራት ላይ አነበብንለት። “አባዬ፣ መኪናህ በአሜሪካ ታሪክ ከከፉት ሞተሮች አንዱን ተሸክማለች!” አልነው። ይናደዳል ብለን ጠብቀን ነበር። እንጀራውን ቆርሶ ዝም ብሎ ጎረሰና “ሞተሩ ምን አደረገ?” አለ። “ናፍጣ ሦስት ነገር ብቻ ነው የሚፈልገው። ብሎኑ ይጥበቅ፣ ከውሃ ይጠበቅ፣ ሰውየው ይጠብቅ።”

የአባዬ ቅኔ መሰለንና ሳቅን። እሱ ግን የምሩን ነበር። ስንመረምረው ያነበብነው ሁሉ እዚያች ዓረፍተ ነገር ውስጥ ተጠቅልሎ አገኘነው።

“ብሎኑ ይጥበቅ።” ሰው እንደሚያወራው ያ ሞተር የቤንዚን ሞተር ስሙ ተቀይሮ የቀረበ አይደለም። ብሎኩ የተሠራው ወፍሮና ጠንክሮ ነው። ችግሩ ሌላ ነው። የናፍጣ ሞተር ካንዴላ የለውም፤ አየሩን አምቆ አምቆ በሙቀቱ ነው ነዳጁን የሚያቀጣጥለው። የዚህኛው እመቃ 22.5 ለ1 ሲሆን የቤንዚኑ ወንድሙ 8 ለ1 ገደማ ነበር። ይህን ሁሉ ግፊት የሚይዙት የቴስታታ ብሎኖች ግን ቁጥራቸውም ቦታቸውም እንደ ቤንዚኑ ቀረ፤ ፋብሪካው በነበሩት ማሽኖች እንዲሠራ ሲባል። ብሎኖቹ ሲጠብቁ የሚለጠጡ ዓይነት ስለሆኑ አንዴ ከተፈቱ መጣል አለባቸው። የናፍጣ ሥልጠና ያላገኙ መካኒኮች ጋስኬቱን ቀይረው አሮጌዎቹን ብሎኖች መልሰው ያስራሉ… ከጥቂት ጊዜ በኋላ ያው ቴስታታ እንደገና ይነሳል።

“ከውሃ ይጠበቅ።” ናፍጣ ውስጥ ውሃ መግባቱ አይቀርም፣ ከባድ ስለሆነም ከታች ይዘቅጣል። የጭነት መኪኖች ውሃውን የሚለይ ዕቃ አላቸው። ኦልድስሞቢሉ ሲሠራ ይኸው ዕቃ አልተገጠመለትም። ውሃው ፖምፓውንና ኢንጀክተሮቹን አዛጋቸው። ባለቤቶቹም የቤንዚን መኪና ላይ እንደለመዱት ውሃ ያደርቃል የተባለ አልኮል ገንዳው ውስጥ ጨመሩ፤ አልኮሉ ደግሞ የፖምፓውን ጎማዎች በላ።

“ሰውየው ይጠብቅ” የምትለዋ ግልጽ ናት። ክሩስኮቱ ላይ “ዌይት” የምትል መብራት አለች። ካንዴሌታው እስኪግል ትጠብቃለህ፣ ከዚያ ታስነሳለህ። አባዬ ፓርኪንጉ ውስጥ በየቀኑ የሚያየው ያንን የማይጠብቅ ሰው ነበር።

አባዬ ይህን ከየት አወቀው? ከመጽሐፍ አይደለም። በልጅነቱ በአሰብ መንገድ ላይ የኤንትሬ ረዳት ነበር። ጠዋት የመጀመሪያ ሥራው ከፊልትሮው ሥር ያለውን ብሎን ፈታ አድርጎ ውሃውን ማፍሰስ ነው። ከበርሜል የተቀዳ ናፍጣ ሳያድርና ሳይጠል ገንዳ ውስጥ አይገባም። ይህን የረሳ ረዳት ከሾፌሩ የሚደርስበትን ስድብ እዚህ አንጽፈውም። ኋላም አዲስ አበባ ጋራዥ ገብቶ ፖምፓና ቴስታታ ላይ ሠርቷል። ስለዚህ እትዬ ዴልታን እንደገዛት ያደረገው ነገር ቀላል ነበር። ከጭነት መኪና ዕቃ መሸጫ የውሃ መለያ ገዝቶ ከገንዳውና ከፖምፓው መሀል ገጠመ። በሦስት ቅዳሜና እሑድ ቴስታታዎቹን አውርዶ በአዲስ ጋስኬትና በአዲስ ብሎን መልሶ አሰረ። ማይል መቁጠሪያዋ ሁለት ጊዜ ዞሮ ከዜሮ ጀምሯል። እስከ ዛሬ ቴስታታዋ ተነስቶ አያውቅም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ባለፈው ክረምት አባዬ እጁን ታመመና መኪናዋ ለሳምንታት ቆመች። በዚያው ሰሞን አንድ ወጣት ፈረንጅ በሩን አንኳኳ። የእሽቅድምድም መኪና ይሠራል። እነዚያ የናፍጣ ብሎኮች ጠንካራ ስለሆኑ ኃይለኛ የቤንዚን ሞተር ሊሠሩባቸው የሚፈልጓቸው ሰዎች አሉ፤ የተዋረደው ሞተር እንዲህም ተፈላጊ ነው። ልጁ ጥሩ ዋጋ ሰጠ። የሚፈልገው ብሎኩን ብቻ ነው፣ የቀረው አካሏ ለቁርጥራጭ ብረት። አባዬ “ልጆቹ ይወስኑ” ብሎ ገባ።

እኛ ደግሞ፣ እውነት ለመናገር፣ ለመሸጥ ወስነን ነበር። ወረቀቷን ልንፈልግ የዕቃ ሳጥኗን ከፈትን። ወረቀቷ ሥር ጥቁር ሽፋን ያለው ደብተር አገኘን። ከ1986 ጀምሮ የተያዘ፣ በእርሳስ፣ በአባዬ ጥድፍድፍ አማርኛ። “ዘይት ተቀየረ።” “ሦስተኛው ካንዴሌታ ተቃጥሎ ተለወጠ።” “ግማሽ ብርጭቆ ውሃ ወጣ፤ ከዚያ ማደያ ሁለተኛ አልቀዳም።” “ሁለቱም ባትሪ ተለወጠ። ማታ ሴት ልጅ ተወለደች፣ ተመስገን።” ይህችን ያነበበችው ያቺው የተወለደችው ልጅ ነች፤ ከእኛ አንዷ።

የመጀመሪያውን ገጽ መጨረሻ ላይ ነው ያየነው። “ዛሬ ጋራዥ ሥራ ልጠይቅ ሄድኩ። ወረቀት አለህ ወይ አሉኝ። የለኝም አልኩ። ሳያሠሩኝ መለሱኝ።” የጋራዡ ስም የለም። በማግስቱ ቀን ሥር አንድ መስመር ብቻ ተጽፏል፦ “መኪና ገዛሁ።”

በዚያ ምሽት ብዙ አላወራንም። አባታችን ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የሰው መኪና ሲያቆም ነው የኖረው። መካኒክ መሆኑን እናውቃለን፣ ግን እንደ ወሬ ነበር የምናውቀው፣ አባቶች ሁሉ አገር ቤት አንድ ነገር እንደነበሩት። በአሜሪካ አንድ ቀን እንኳን በመካኒክነት አልተቀጠረም። ጋራዡም ምስክር ወረቀቱም ያቺው ከትምህርት ቤቱ በር ራቅ አድርገን ያስቆምናት መኪና ነበረች።

ለልጁ አይሆንም አልነው። አባዬ ሲሰማ ምንም አላለም፤ ትንሽ ቆይቶ “ታዲያ ማን ያስነሳታል?” ብሎ ጠየቀ። ደግ ጥያቄ ነው። ወጣን፣ ቁልፉን አዞርን፣ ሞተሪኖው አጓራና ዝም አለ። እንደገና ሞከርን፣ ዝም። አባዬ ጋቢውን እንደለበሰ ደጃፉ ላይ ቆሞ “መብራቷን አታዩም እንዴ? ጠብቁ!” ብሎ ጮኸብን።

ጠበቅን። ያቺ ቢጫ መብራት እስክትጠፋ ያለው ጊዜ ምን ያህል እንደሚረዝም ያልቀመሰ አያውቀውም። ጠፋች። አዞርን። መጀመሪያ ነጭ ጭስ፣ ከዚያ ቀቀቀቀቀ…

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ በተራ እናሞቃታለን፤ ውሃዋንም እናፈሳለን። ደብተሩ ላይ የምንጽፈው እኛ ነን፣ አባዬ የአማርኛ ስህተታችንን ያርማል። ባለፈው ቅዳሜ የጎረቤታችን ትንሽ ልጅ የቆሻሻ መኪናው ያለ ቀኑ መጣ ብሎ በመስኮት ብቅ አለ። እኛም በመስኮቷ እጃችንን አውጥተን አውለበለብንለት።