«ገባሽ?»… «አዎ!»

ባለፈው እሁድ አቦቦ፣ በሶቪየቶች እርዳታ በተሠራው አልዌሮ ግድብ ዳር ከአንድ ወዳጄ ጋር ቁጭ ብለናል። ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ሳይንስ ያስተምራል። ተክዟል! ግማሹ ክፍል ወድቆበታል። አንዲት ተማሪ ደግሞ «ኮምፒውተር የነካሁት እዚህ ገብቼ ነው፤ ትምህርቱን ልተወው» ብላ አልቅሳበታለች።

እኔ አስራ ሁለተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩ ሰው ነኝ። «እስቲ ያቃታቸውን ለእኔ አስረዳኝ» አልኩት። «ሉፕ» አለና በእንግሊዝኛ ያንበለብለው ጀመር።

«ገባሽ?»

«አዎ!» አልኩ፣ አፍሬ። ኋላ ሳቄ መጣ። «ምንም አልገባኝም። ተማሪዎችህም እንዲሁ ነው የሚዋሹህ!»

ዝም አለ። ግድቡን ሲያይ ቆየና «ውሃው ከምልክቱ በላይ እስከሆነ ድረስ የመስኖው በር ውሃ ይልቀቅ፤ ሲወርድ ይዘጋ። ምልክቱን እያዩ መደጋገም… ሉፕ ይኸው ነው» አለኝ። ያኔ ገባኝ!

ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በመውጫ ፈተና 50 ከመቶ ያላመጣ ዲግሪ የለውም። «ዝም አይነቅዝም» ይባላል፤ ክፍል ውስጥ ግን ይነቅዛል። መምህራን ሆይ፣ «ገባችሁ?» ብላችሁ አትለፉ። «እስቲ በራሳችሁ አነጋገር መልሳችሁ ንገሩኝ» በሉ።

ልጅቷስ? ሰኞ ሊያስጠራት ቃል ገብቶልኛል።